ለጠባብ ክፍል የሞዴል ባቡር ፕላን እርዱኝ፦ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ 2.80 በ2.60

ናቲ_ቱሉዲምቱ
ሰላም ቤተሰብ፣ ጽሁፌ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ። ምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነው፣ ትንሿ መኝታ ክፍል ባዶ ናት ማለት ይቻላል። ልኬቷ 2.80 በ2.60 ሜትር፣ በሩ አጭሩ ግድግዳ ግራ ጥግ ላይ ሆኖ ወደ ውስጥ ነው ሚከፈተው፣ መስኮቱ ፊት ለፊቱ። አጎቴ ከጀርመን ሲመጣ ለልጄ ብሎ የባቡር ሴት (ሙሉ ስብስብ ማለቴ ነው) ይዞ መጣ፣ ካርቶኑ ላይ ኤችኦ ይላል፣ አንድ ትንሽ ቀይ ዲዝል ሎኮሞቲቭ፣ ሶስት ፉርጎ እና ሞላላ ሆኖ ሚገጠም ሐዲድ። ልጁ አየት አርጎት ወደ ኳሱ ሄደ፣ የተለከፍኩት እኔ ነኝ።

ሃሳቤ ምን መሰላችሁ፣ አንድ ሙሉ ኮምፔርሳቶ 1.22 በ2.44 ክፍሉ መሃል አስቀምጬ ሁለት መስመር ዙሪያውን፣ አንድ ድልድይ ላይ ሚወጣ ሚወርድ፣ ከዛ ለገሃር ጣቢያ፣ የአዋሽ ድልድይ፣ ድሬዳዋ፣ ቦታ ከተረፈ ደሞ የከተማችን ቀላል ባቡር። ሚስቴ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ፣ እናቷ ከደብረ ብርሃን ሲመጡ ሚያድሩት እዛ ክፍል ስለሆነ ፍራሽ መዘርጊያ ይቅር እንዳትል ብላኛለች። እና እንዴት ላድርገው? ልምድ ያላችሁ እስኪ።

ባቡሬ
እንኳን ወደ በሽታው በሰላም መጣህ ሃሃሃ

በናትህ ያንን ኮምፔርሳቶ ገና እንዳትገዛው። 2.44 ከ2.80 ላይ ሲቀነስ 36 ሳንቲም ነው ሚተርፍህ፣ መሃል ካስቀመጥከው በየጫፉ 18፣ በሱ በኩል ሰው ሳይሆን ድመት ነው ሚያልፈው። ግድግዳ ላስጠጋው ካልክ ደሞ ጥልቀቱ 1.22 ነው፣ የሰው እጅ ሳይጎነበስ ሚደርሰው 60 ቢበዛ 70 ሳንቲም ነው፣ ባቡር ደሞ ሁሌም ከሐዲድ ሚወጣው እጅህ የማይደርስበት ጥግ ላይ ነው፣ ይሄን ሁሉም ሰው ይነግርሃል።

ሁለተኛ፣ ለገሃርም አዋሽም ድሬም አንድ ጠረጴዛ ላይ አይሆንም። የድሮው መስመር ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎሜትር ነው፣ ኤችኦ ማለት 1 ለ87፣ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ስለሆነ ሙሉውን ልዘርጋ ብትል 9 ኪሎሜትር ሐዲድ ትፈልጋለህ፣ ከቤትህ ተነስተህ ቃሊቲ አካባቢ ልትደርስ ነው። አንድ ቦታ ምረጥ። ቦታውን ከመረጥክ በኋላ ደሞ ባቡሩ እዛ ምን እንደሚሰራ ወስን። ዙሪያውን ሚሽከረከር ባቡር እንደ ማራገቢያ ነው፣ አስር ደቂቃ ታየውና ትረሳዋለህ። ስራ ያለው ባቡር ግን አይሰለችም።

አናፂው_ገላን
ከባቡሬ ጋር ነኝ፣ ግን ኮምፔርሳቶውን ግዛው ባይ ነኝ፣ ብቻ መሃል ላይ አታስቀምጠው፣ በቁመቱ አስቆርጠው። 1.22 ስፋት ማለት ባለ 40 ሳንቲም ሶስት ጣውላ ይወጣዋል፣ እያንዳንዱ 2.44 ርዝመት፣ መጋዙ ሚበላው ተቀንሶም ወደ አንድ ሳንቲም ተኩል ይተርፍሃል። 12 ሚሊ ይበቃል ከስሩ በሞራሌ ፍሬም ከታሰረ። ችፑድ ይረክሳል ብለህ እንዳትሄድ፣ ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ሐዲዱ ስር ጠጠር በኮላ ስትለጥፍ ደሞ ውሃ መንካቱ አይቀርም።

የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብሎኬት ነው ውስጡ ባዶ፣ ፊሸር ብትመታበት ዛሬ ይይዝልሃል ነገ በክብደት ተነቅሎ ይወድቃል፣ ኮንክሪት ኮለኑ የት እንዳለ ካላወቅክ እግር ሰርተህለት መሬት ላይ ይቁም። ቁመቱን 1.20 አድርገው። ለምን አትለኝም፣ አማትህ ፍራሽ ዘርግተው ከስሩ እግራቸውን ዘርግተው ይተኛሉ፣ ቢቀመጡም ጭንቅላታቸው አይነካም። ወለሉን በሙሉ ታገኛለህ።

ናቲ_ቱሉዲምቱ
አናፂው እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን ለሚስቴ አነበብኩላት "ይሄ ሰውዬ ነው የገባው" አለች። ግን 40 ሳንቲም ስፋት ላይ ባቡሩ እንዴት ይዞራል?

ፍራንክፈርት_አበሻ
አይዞርም። ኤችኦ ሴት ውስጥ ሚመጣው ኩርባ አብዛኛውን ጊዜ ሬዲየሱ 36 ሳንቲም ነው፣ ክቡ 72 ሳንቲም ከሐዲዱ ስፋት ጋር ደሞ 80 ሳንቲም ጣውላ ይፈልጋል። ኤን ስኬል ቢሆን 1 ለ160 ነው፣ ጠባብ ከሚባሉት ኩርባዎች አንዱ 23 ሳንቲም አካባቢ፣ 55 ሳንቲም ላይ ይዞርልሃል፣ 40 ላይ ግን እሱም አይሆንም።

አንድ ነገር ቼክ አርግ መጀመሪያ፣ ሐዲዱ መሃል ላይ ትናንሽ የብረት ነጥቦች አሉት ወይ? ካሉት ሜርክሊን ነው፣ ባለ ሶስት መስመር ሲስተም ነው፣ ከሌላው ሰው ባለ ሁለት ሐዲድ እቃ ጋር አይግባባም፣ እዚህ ፍሊ ማርኬት ሰው ሳያውቅ እየቀላቀለ ይገዛል።

ናቲ_ቱሉዲምቱ
አሁን አየሁት፣ ምንም ነጥብ የለውም፣ ሁለት ሐዲድ ብቻ። መቆጣጠሪያው ላይ 12 ቮልት ዲሲ ይላል።

ፍራንክፈርት_አበሻ
ተገላገልክ።

ድሬ_ሸገር
አቦ ይሄን ውይይት ሳላየው ሊያልፈኝ ነበር! አባቴ ድሬ ወርክሾፕ ነው የሰራው፣ እኔ አሁን ለቡ ነው ምኖረው፣ ስለ ሐዲዱ ስፋት (በሁለቱ ብረት መሃል ያለው) ማንም ሳያነሳ ይሄን ያህል መሄዳችሁ ገረመኝ።

የድሮው የኛ ባቡር አንድ ሜትር ስፋት ነው፣ 1000 ሚሊ። ስራው በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬ ደርሶ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ማወራችሁ)፣ የለገሃር ህንፃ ደሞ 1929። አዲሱ የጅቡቲ መስመር እና ቀላል ባቡሩ ግን 1435 ሚሊ ናቸው። ያንተ ኤችኦ ሐዲድ 16.5 ሚሊ ነው አይደል፣ በ87 አባዛው፣ 1435 ይመጣልሃል። ስለዚህ እጅህ ላይ ያለው ሴት የአዲሱ መስመር ነው እንጂ የለገሃር አይደለም። ለገሃርን በዛ ሐዲድ ከሰራኸው አባቴ ቢያየው "ይሄ የማን ሀገር ባቡር ነው?" ነበር ሚለው።

በ1 ለ87 አንድ ሜትሩን ለመስራት 12 ሚሊ ሐዲድ ነው ሚያስፈልገው፣ እሱም ይሰራል ግን ውድ ነው። ሌላ ዘዴ ኤን ስኬል ሻንሲ ገዝተህ (ሐዲዱ 9 ሚሊ ነው) ከላይ ያለውን አካል በ1 ለ110 ራስህ ትሰራለህ፣ 9 በ110 ወደ 990 ነው፣ 10 ሚሊ ልዩነት በእውነተኛው ላይ ማለት ነው፣ ሞዴሉ ላይ ፀጉር አታክልም። ግን ሁሉንም ነገር ከዜሮ መስራት ነው፣ ለጀማሪ አልመክርም።

ኪያ_አቃቂ
ኧረ ማን ሜትር ይዞ ይለካዋል ድሬ? ባቡር ባቡር ነው፣ ሰውዬው ይደሰትበት።

ድሬ_ሸገር
አንተ አትለካው። ጠባብ ሐዲድ ላይ ያለ ባቡር ትከሻው ከሐዲዱ ውጪ ሰፍቶ ይታያል፣ ድሬ ያደገ ሰው ሳይለካ ያውቀዋል በቃ።

ባቡሬ
ድሬ እውነቷን ነው፣ እና ነገሩን ቀለል ነው ያደረገችልን። ናቲ ያለህ እቃ ለአዲሱ መስመር ልክ ከሆነ አዲሱን መስመር ስራ፣ ለገሃርን ለሌላ ጊዜ ተወው። ቀላል ባቡሩም ስፋቱ ይሆናል፣ ግን ባቡሩን ራሱን ሚሸጥልህ የለም፣ አካሉን መስራት አለብህ፣ ስራው ደሞ ሄዶ መመለስ ብቻ ነው።

እኔ ምመርጥልህ ሞጆ ደረቅ ወደብ ነው። ለምን በለኝ፣ እዛ ስራ አለ። ኮንቴነር የጫነ ባቡር ይመጣል፣ ፉርጎ ይፈታል፣ ይደረደራል፣ ሌላ ይቀጠላል። ይሄንን ደሞ በጣም ትንሽ ቦታ ላይ መስራት ሚቻልበት እንግሊዞች ኢንግልኑክ ሚሉት ፕላን አለ። ሁለት መስመር መቀየሪያ ፖይንት ብቻ፣ ሶስት መስመር። አንዱ 5 ፉርጎ ይይዛል፣ ሁለቱ 3፣ 3። መውጫው በኩል ያለው መስመር ሎኮውን እና 3 ፉርጎ ብቻ ነው ሚችለው። 8 ፉርጎ ላይ ቁጥር ትለጥፋለህ፣ ካርድ በውዘህ 5 ታወጣለህ፣ በወጣው ቅደም ተከተል ያንን 5 ፉርጎ ረጅሙ መስመር ላይ መደርደር አለብህ። ቀላል ይመስላል፣ ሞክረው። ሊወጣ ሚችለው ቅደም ተከተል 6720 ነው፣ ልጅህ ዩኒቨርሲቲ እስኪገባ አይደገምም።

አሁን ልኬት። ባለ 40 ጫማ ኮንቴነር 12.19 ሜትር ነው፣ በኤችኦ 14 ሳንቲም፣ ፉርጎው ከነ ማያያዣው 16 ሳንቲም በለው።
ረጅሙ መስመር 5 ፉርጎ 80 ሳንቲም
ሁለቱ ፖይንት በተከታታይ 45 አካባቢ
መውጫው 3 ፉርጎ 48፣ ለሎኮው 24 ጨምር 72
ድምር 1.97

ጣውላህ 2.44 ነው። ጫፍና ጫፉ ላይ ትንፋሽ ተርፎህ ይገባል። ኤን ስኬል አዲስ መግዛት አያስፈልግህም፣ አጎትህ ባመጣው ትጀምራለህ።

ናቲ_ቱሉዲምቱ
ወይኔ ይሄማ በጣም ነው የተመቸኝ። ግን ሁለት ጥያቄ። አዲሱ መስመር ኤሌክትሪክ አይደል እንዴ፣ የኔ ሎኮ ዲዝል ነው። ሁለተኛ ሶስቱ ፉርጎዎች ኮንቴነር አይጭኑም፣ አንዱ ታንከር ነው ሁለቱ ክፍት።

ባቡሬ
መስመሩ አዎ ኤሌክትሪክ ነው፣ 25 ሺህ ቮልት። ግን ኮንቴነር ከላይ በክሬን ሚነሳበት ቦታ ላይ ሽቦ ሊዘረጋ አይችልም፣ አስበው ክሬኑ ምን እንደሚሆን። ስለዚህ እንዲህ ያለ መጫኛ ግቢ ውስጥ ዲዝል ቢያመላልስ ማንም አይስቅብህም። ከኋላ በኩል ዋናው መስመር አለ ለማስባል ምሰሶ ብቻ አቁም፣ ሽቦውን ተወው፣ አቧራ ስትጠርግ እጅህ ነው ሚበጥሰው።

ኮንቴነሩን ከካርቶን ስራው። ባለ 40 ጫማው 14 ሳንቲም ርዝመት፣ ስፋቱ 2.8 ሳንቲም፣ ከፍታው 3። ፎቶ ቤት ቀለሙን አስትመህ ትጠቀልልበታለህ። ታንከሩን አትጣለው፣ ነዳጅም በባቡር ሊሄድ ይችላል።

ሶልደር_ብረት
ኤሌክትሪኩን ለኔ ተዉት። ናቲ እናንተ ጋር መብራት እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ቮልቴጁ ሲወጣ ሲወርድ ያ የጀርመን ትራንስፎርመር እድሜ አይኖረውም፣ ስታብላይዘር ከሌለህ ባትጠቀመው ይሻላል። 12 ቮልት ዲሲ ስለሆነ በባትሪ ይሄዳል፣ የዩፒኤስ ባትሪ ባለ 7 አምፔር ሰዓት በቂ ነው፣ ትንሽ ኤችኦ ሎኮ ከግማሽ አምፔር በታች ነው ሚስበው አብዛኛውን ጊዜ፣ መብራት ሲጠፋ ጎረቤት በሻማ አንተ በባቡር። ከባትሪው ቀጥሎ ፊውዝ፣ ከዛ የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ ቦርድ (መርካቶ ኤሌክትሮኒክስ ተራ አለ፣ ፒደብሊውኤም በላቸው)፣ ከዛ ወደፊት ወደኋላ ሚያደርግ ባለ ስድስት እግር ስዊች፣ ከዛ ሐዲዱ።

ፊውዟን በተመለከተ ቀልድ የለም። ባትሪ ሾርት ሲደረግ እንደ ትራንስፎርመሩ ራሱን አያጠፋም፣ ያለውን ሁሉ ይለቀዋል፣ ሐዲድ ላይ አንድ ሚስማር ቢወድቅ ሽቦው ይቀላል፣ ከስሩ ደሞ ፍራሽና አማትህ አሉ። 2 አምፔር ፊውዝ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ራቅ ሳይል።

ኪያ_አቃቂ
"ፍራሽና አማትህ አሉ" ሃሃሃሃ ገደልከኝ

እመ_ሁለት
እኔ ምለው ልጁ የት ሄደ በዚህ ሁሉ ውይይት? ስጦታው የሱ ነበር እኮ። 1.20 ከፍታ ላይ ምን ያያል? እኔ ቤት ያለው የ6 ዓመት ልጅ ዝም ብሎ ሚሽከረከረውን ነው ሚወደው፣ ፉርጎ መደርደር ምናምን አይገባውም።

ባቡሬ
እመ ሁለት ትክክል ነሽ። ሞላላው ሐዲድ ካርቶኑ ውስጥ ይቀመጥለትና ሲፈልግ ሳሎን ወለል ላይ ይዘርጋው፣ ለጣውላው ቀጥ ያለ ሐዲድ፣ ሁለት ፖይንትና የጎደሉትን ፉርጎዎች ብቻ ነው አዲስ ሚገዛው። ሎኮው ሁለቱም ጋር ይሰራል። መወጣጫ በርጩማም አናፂው ይስራለት።

እመ_ሁለት
በርጩማው ሰፊ ይሁን እንዳይወድቅ። አሁን ይሁን።

አናፂው_ገላን
በርጩማው በነፃ፣ የእንጨት ቁራጭ ሞልቶኛል።

ድሬ_ሸገር
ሞጆ ከሆነ አንድ ሃሳብ ልጨምር። ሞጆ እኮ የድሮውም መስመር ያልፍበት ነበር። ጣውላው ፊት ለፊት ጠርዝ ላይ፣ ወደ ተመልካቹ፣ የድሮውን አንድ ሜትር ሐዲድ በ12 ሚሊ ራስህ ስራው፣ ባቡር ስለማይሄድበት ኤሌክትሪክም ፖይንትም አይፈልግም፣ ቀጭን እንጨት ለወራጅ (ከሐዲዱ ስር አግድም ለሚተኛው)፣ ከላይ ሁለት ቀጭን ሽቦ፣ የዝገት ቀለም፣ መሃሉ ላይ ሳር የበቀለበት። ከኋላው 16.5ቱ አዲሱ። ያየ ሰው ሁሉ ሳትነግረው የሁለቱን ስፋት ልዩነት ያያል። ከ16 ሚሊ አጠገብ 12 ስታስቀምጥ እኮ በጣም ነው ሚታወቀው።

ናቲ_ቱሉዲምቱ
ድሬ ይሄ ሃሳብ ብቻውን ዋጋ አለው። አባትሽን ፎቶ ሳሳያቸው ይስቁብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።

ድሬ_ሸገር
ወራጁን እየቆጠረ ያርምሃል እንጂ አይስቅም አቦ።

ኪያ_አቃቂ
ጠጠሩን ምን ልታደርገው ነው ናቲ? እኔ ጤፍ ብትበትን ልክ መጠኑ ነው ባይ ነኝ፣ ሰርገኛ ጤፍ ደሞ ቀለሙም ይሄዳል።

ባቡሬ
ጤፍ በዚህ ዘመን ሐዲድ ስር? አይጥ ጋብዘህ ነው፣ ኮላው ደሞ ውሃ አለው ይበቅልበታል።

ግንባታ ቦታ ሂድና ዜሮ ዜሮ ጠጠር ከደቀቀው አንድ ፌስታል ለምነህ ውሰድ፣ ያንተ ሰፈር ግንባታ መች ጠፋ። በዱቄት ወንፊት ትነፋዋለህ፣ አልፎ የወረደውን ደሞ በሻሽ፣ መሃል ላይ የቀረው ነው ጠጠርህ። ከዛ ማግኔት በላዩ ላይ አዙርበት፣ አንዳንዱ ድንጋይ ብረት አለው ማግኔቱ ላይ ይለጠፋል፣ እሱ ሐዲድ ላይ ከቀረ ሎኮው ሞተር ውስጥ ይገባል። ከበተንከው በኋላ መጀመሪያ ውሃ በመርጫ፣ የእቃ ሳሙና ጠብታ አድርግበት እንዲሰርግ፣ ከዛ ኮላና ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅለህ በስሪንጅ ጠብ ጠብ። ሳሙናዋን ከዘለልካት ኮላው ጠጠሩ ላይ ይንከባለልና ጉድጓድ ይሰራል። ፖይንቱ ሚንቀሳቀስበት ጋር ኮላ እንዳይደርስ፣ እዛ ጋ ጠጠሩን አሳንስ።

ሞጆ ዙሪያው የጤፍ ማሳ ስለሆነ የጤፍ ጭድ በመቀስ ቆርጠህ ደረቅ ሳር ታደርገዋለህ፣ እሱ በነፃ ነው። ሰጋቱራም ቀለም ነክረህ።

ሶልደር_ብረት
አቧራ። ቱሉ ዲምቱ በጋ ላይ ንፋሱን ታውቀዋለህ፣ ሐዲድ ላይ ስስ አቧራ ከተኛ ሎኮው ይንተፋተፋል። ሳትጫወት ስትቀር በላስቲክ ሸፍነው፣ ሐዲዱን በንፁህ አልኮልና በጨርቅ ጥረገው። ሳኒታይዘር እንዳትጠቀም፣ ግሊሰሪን ሚገባበት አለ፣ ቅባት ይተውብህና አቧራውን ጭራሽ ይሰበስበዋል።

ፍራንክፈርት_አበሻ
ፖይንቶቹን እኔ ሰው ሲመጣ ልልክልህ እችላለሁ፣ ግን ሐዲድህ ምን አይነት ነው? ከስሩ ግራጫ ፕላስቲክ ጠጠር መሳይ መደብ አለው ወይስ ሐዲዱ ብቻ? እንደዛ አይነት ከሆነ ከራሱ ካምፓኒ ካልሆነ አይገጥምም። ሁለቱንም ፖይንት ደሞ አንድ አይነት አትግዛ፣ አንድ ግራ አንድ ቀኝ ከሆነ ሶስቱ መስመሮች ግራና ቀኝ ይዘረጋሉ፣ ለ40 ሳንቲም ይሄ ነው ሚሻልህ።

ናቲ_ቱሉዲምቱ
ሐዲዱ ብቻ ነው መደብ የለውም። አንድ ግራ አንድ ቀኝ ተመዝግቧል፣ በውስጥ መስመር እጽፍልሃለሁ።

እንግዲህ የደረስኩበት፦ አንድ ጣውላ 2.44 በ40 በቀኙ ረጅም ግድግዳ፣ ከፍታው 1.20፣ በሩም መስኮቱም አይነካውም። ሞጆ። ሁለተኛውን ጣውላ በመስኮቱ በኩል ኤል አድርጌ ልቀጥለው አስቤ ነበር ዋናውን መስመር ለማስረዘም፣ ምን ትላላችሁ?

ባቡሬ
መጀመሪያ አንዱን ጨርስ። ግን መውጫው መስመር የጣውላው ጫፍ ድረስ ይሂድ፣ ግድግዳው ጋር አትዝጋው፣ ወደፊት መቀጠል ከፈለግክ በ36ቱ ኩርባ ጥጉን ዞሮ ይሄዳል።

ኮላ ከመንካትህ በፊት ግን ፖይንቶቹ ሲመጡ ወረቀት ላይ እውነተኛ ልካቸውን ስለህ ቁረጥና ጣውላው ላይ አስቀምጠህ ፉርጎዎቹን በእጅህ እየገፋህ ተጫወትበት። 80 ያልኩህ 84 ሊሆን ይችላል እንደ ማያያዣው።

አናፂው_ገላን
ቅዳሜ ከሰዓት ልትመጣ ትችላለህ፣ ሱቄ ገላን ኮንዶሚኒየም መግቢያ ጋር ነው። ቆራጩ ጋ ስትሄድ ፊት ለፊት ሚታየውን ጠርዝ ፋብሪካ የቆረጠውን አድርግልኝ በለው፣ መጋዝ የነካው ይሰነጣጠራል። እግሮቹን በቪቲ ነው ምናስረው እንጂ በሚስማር አይደለም፣ ኮላም አናደርግም፣ ቤት ስትቀይሩ ተፈቶ በአንድ ሚኒባስ ጣራ ላይ ይሄዳል። ከስሩ ደሞ ሳንቀባው እንዳትወስደው፣ በክረምት እርጥበት አንድ ወገን ብቻ የተቀባ ጣውላ ይጎብጣል።